መኪናው ቆሟል፤ ሾፌሩ የት ሄደ?

ከሳሪስ አቦ ተነስታችሁ በቃሊቲ አድርጋችሁ ወደ ቱሉ ዲምቱ የምትወርዱ ከሆነ መንገድ ዳር የተደረደሩትን ከባድ መኪኖች ሳታዩ አታልፉም። ሲኖ ትራክ፣ ቦቴ፣ ገልባጭ፣ ተሳቢ የተቀጠለበት ረጅም መኪና። የአቃቂ ቃሊቲ ልጅ ከሆናችሁ ስታዩት ስላደጋችሁ ምንም አይመስላችሁም። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አገሩ ሁሉ «ዕቃ ተወደደ፣ ጭነት ዘገየ» እያለ እነዚህ ሁሉ መኪኖች ለምን ቆሙ?

መልሱ አንድ አይደለም። አንዳንዱ የሚቆመው ሰዓት ጠብቆ ነው። ከ2011 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ከባድ የጭነት መኪና ቀን ቀን እንዳይንቀሳቀስ የሰዓት ገደብ ስለወጣ፣ እስኪመሽ ከከተማው ጫፍ ይጠብቃል። አንዳንዱ የጉምሩክ ወረቀት እስኪያልቅለት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጎማ ወይ መለዋወጫ አጥቶ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል፤ ጎማና መለዋወጫ ደግሞ በዶላር ነው የሚገባው።

የቀረው ግን ጎማውም ጭነቱም እያለ የሚቆም ነው። ባለንብረቱን ብትጠይቁት «ሾፌር የለም» ይላችኋል። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህኛው ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። እኔ እንደሚገባኝ ሾፌር አለ። የጠፋው ሾፌሩን የሚያቆይ ሥራ ነው። ያሉትንም ሾፌሮች ቢሆን ጊዜያቸውን ወረፋ ላይ እያቃጠልን ነው «ሾፌር አነሰን» የምንለው። ይህ ከገባን መፍትሔው አዲስ መኪና ከመግዛት፣ ወይ መንጃ ፈቃድን ከማቅለል በፊት የሥራውን አሠራር መቀየር እንደሆነ ይገባናል።

ፈረንጁም ሾፌር አጥቷል

በመጀመሪያ ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ እንወቅ። መቀመጫውን ጄኔቫ ያደረገው ዓለም አቀፉ የመንገድ ትራንስፖርት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት በ36 አገሮች ከ3 ሚሊዮን በላይ የከባድ መኪና አሽከርካሪ የሥራ ቦታ ክፍት እንደሆነ ገልጿል። እንግሊዝን አስታውሱ። መስከረም 2014 ዓ.ም ላይ ነዳጁ እያለ ማደያ የሚያደርሰው የቦቴ ሾፌር አንሶ ከተሞቿ በሰልፍ ተጨናነቁ። መንግሥት ለውጭ አገር ከባድ መኪና ሾፌሮች 5,000 ጊዜያዊ ቪዛ አዘጋጀሁ አለ፤ ወታደሮችም ቦቴ እንዲነዱ ተመደቡ። ጃፓን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ የከባድ መኪና ሾፌር ትርፍ ሰዓት በዓመት ከ960 ሰዓት እንዳይበልጥ በሕግ ስትገድብ «ታዲያ ጭነቱን ማን ያደርሳል?» የሚል ጭንቀት ውስጥ ገባች።

አሜሪካ ውስጥ የጭነት ኩባንያዎች «ሾፌር የለም» ማለት ከጀመሩ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ስቴፈን በርክስና ክሪስተን ሞናኮ የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች በአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ መጽሔት ላይ ይህንኑ አባባል መረመሩት። የደረሱበት ነገር ቀላል ነው። የሾፌሮች የሥራ ገበያ እንደ ማንኛውም የሥራ ገበያ ነው፤ ክፍያው ሲሻሻል ሰው ይመጣል። ችግሩ የሚብሰው ረጅም ርቀት በሚጭኑት ትልልቅ ኩባንያዎች ዘንድ ነው። እዚያ በዓመት ውስጥ ሥራ የሚለቀው ሾፌር ብዛት ከጠቅላላው 90 በመቶ የሚደርስበት፣ የሚያልፍበትም ጊዜ አለ። ማለትም ኩባንያው ሰው አላጣም፤ የሚቀጥረው ሁሉ ይሄድበታል። በወንፊት ውሃ እንደመቅዳት ነው።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ «ሲዲኤል አወጣሁ፣ ትራክ ልጀምር ነው» የሚል ድምፅ በስልክ ሰምታችኋል። ብዙ ሐበሻ እዚያ የከባድ መኪና መሪ ጨብጧል። አሁን ግን መንገዱ እንደ ድሮው ሰፊ አይደለም። ከሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ መንገድ ላይ በሚደረግ ፍተሻ እንግሊዝኛ በበቂ ሁኔታ መናገርና ማንበብ ያልቻለ ሾፌር ወዲያው ከሥራ እንዲታገድ ተወስኗል። «አገር ቤት ልምድ ልያዝና አሜሪካ እነዳለሁ» የሚል ዕቅድ ያላችሁ ይህንንም ከሒሳባችሁ አስገቡት።

ትምህርት ቤቱ ጋቢና ነበር

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ወደ ቤታችን እንመለስ። ድሮ እኛ አገር ሾፌር የሚፈጠረው እንዴት ነበር? መልሱ አንድ ቃል ነው፤ ረዳት። ከጣሊያን ጊዜ ትሬንታ ኳትሮ እስከ ፊያት ኤን 3 ዘመን ድረስ ወጣቱ ረዳት ሆኖ ይገባል። ጎማ ይፈታል፣ ሸራ ያስራል፣ ታኮ ያደርጋል፣ ዘይት ይለካል፣ ሌሊት ጭነት ይጠብቃል። ማርሽ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ጋቢና የሚሉት ቃላት እንኳ ከጣሊያንኛ መጥተው አማርኛ የሆኑት በዚሁ ሥራ ውስጥ ነው። ከዓመታት በኋላ ሜዳ መንገድ ላይ ሾፌሩ «እስቲ ያዝ» ብሎ መሪውን ይለቅለታል።

ያ ዘመን የሚናፈቅ አልነበረም። ክፍያው ትንሽ፣ ስድቡ ብዙ፣ ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ግን አንድ ነገር ነበረው። ልጁ መሪ ከመጨበጡ በፊት ጭነት እንዴት እንደሚሸሽ፣ ቁልቁለት ላይ በፍሬን ብቻ መውረድ ምን እንደሚያመጣ፣ ጎማ ከመፈንዳቱ በፊት ምን እንደሚሸት ያውቃል። ልምዱን የሚያገኘው እየሠራ፣ ትንሽም ቢሆን እየተከፈለው ነው።

ዛሬ መንገዱ ሌላ ነው። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ፈቃዱን በየምድቡ ከፋፍሎ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ሥልጠናና ፈተና ይጠይቃል። ድሮ «አምስተኛ» ይባል ለነበረው የተሳቢ መንጃ ፈቃድ ዛሬ ሰዉ «ደረቅ 3» ይላል። ሕጉ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ችግሩ ያለው በወረቀቱና በመንገዱ መካከል ነው።

ቴሌግራም ላይ የሥራ ማስታወቂያ የሚያወጡትን ቻናሎች ተመልከቱ። «የከባድ መኪና ሾፌር፤ ደረቅ 3፤ የዓመታት ልምድ ያለው፤ በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል።» እሺ፣ ልምዱን ከየት ያምጣው? ባለንብረቱም እኮ አይፈረድበትም። በብድር የገዛውንና በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ያወጣበትን መኪና ትናንት ከማሰልጠኛ ለወጣ ልጅ አስረክቦ እንቅልፍ አይወስደውም። ስለዚህ ሁሉም ሌላው ያሠለጠነውን ሾፌር ይፈልጋል፤ የሚያሠለጥን ግን የለም። ኢኮኖሚክስ የተማራችሁ ይህቺን ታውቋታላችሁ። ወጪውን አንዱ ይከፍላል፣ ጥቅሙን ሌላው ይወስዳል፤ ስለዚህ ማንም አይከፍልም። ውጤቱ በአንድ በኩል ወረቀት ይዞ ሥራ ያጣ ወጣት፣ በሌላ በኩል ሾፌር ያጣ መኪና ነው። ሁለቱም ቃሊቲ ውስጥ ምናልባት በአንድ ሠፈር ይኖራሉ።

የወጣው ለምን ወጣ?

የገባውስ? ለምን አይቆይም? እዚህ ላይ ነገሩ ከገንዘብ ያልፋል።

የመጀመሪያው ደህንነት ነው። ባለፉት ዓመታት በተለያዩ የአገሪቱ መስመሮች አሽከርካሪዎች ተገድለዋል፣ ታግተው ገንዘብ ተጠይቆባቸዋል፣ መኪናቸው ከነጭነቱ ተቃጥሏል። ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎችን ጨምሮ ከ100 በላይ ተሳፋሪዎች ሲታገቱ አገር ደነገጠ። ከባድ መኪና ሾፌሮች ግን ያንን ፍርሃት ከዚያ በፊትም ያውቁት ነበር። ታጋቹ ሾፌር ሲሆን ዜናው አጭር ነው፤ ቤተሰቡ ግን ቤት ንብረቱን ሸጦ፣ ከዘመድ ለምኖ ነው የሚያስለቅቀው።

ሁለተኛው ኬላና ኮቴ ነው። በየከተማው መግቢያ ገመድ ተዘርግቶ፣ አንዳንዴ በደረሰኝ አንዳንዴ ያለ ደረሰኝ፣ «ኮቴ ክፈል» ይባላል። ያለ ደረሰኝ የተከፈለውን ባለንብረቱ አያምንለትም። ከሾፌሩ አበል ላይ ይቀነሳል፣ ወይም ጭቅጭቅ ይሆናል።

ሦስተኛው ከቤት መራቅ ነው። ልጁ ታሞ በስልክ የሚሰማ አባት፣ በዓልን ሚሌ ወይ ጋላፊ ላይ ጎማ ሥር ተኝቶ የሚያሳልፍ ሰው ነው። የኮቪድ ጊዜም ሌላው በቤቱ ሲቀመጥ ከጅቡቲ እየጫነ የገባው እሱ ነበር፤ «በሽታ አመጡብን» ተብሎ የተሸሸውም እሱ ነው።

አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 የጻፈው አንድ ነገር አለ። አስቸጋሪ፣ የሚያስፈራና የሚያዋርድ ሥራ ሰው እንዲሠራው ከሌላው ሥራ የበለጠ መክፈል አለበት። እኛ ጋ ይህ በግማሽ ይሠራል። ከባድ መኪና ሾፌር ከብዙ ተመራቂ የተሻለ የሚያገኝበት ወር አለ፤ እውነት ነው። ግን ገቢው ጥቂት ደሞዝና በየምልልሱ የሚታሰብ አበል ነው። መኪናው ከቆመ አበሉም ይቆማል። ወደብ ላይ ለሚጠብቅበት ቀን፣ መንገድ ተዘግቶ ለሚያድርበት ሌሊት ብዙዎቹ የሚታሰብላቸው ነገር የለም። ብዙ ሾፌር ደግሞ የሚሠራው በቃል ስምምነት ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ እንዲያዋጡ ይላል፤ አንድ መኪና ያለው ባለንብረትና በስልክ የተቀጠረ ሾፌር ግን ይህንን ስንቴ ያነሱታል? መኪናው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ከሌለው መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። ሾፌሩስ?

እና ልምድ ያለው ሾፌር ይቆጥራል። ከተማ ውስጥ ራይድ መንዳት፣ የፋብሪካ ሰርቪስ መያዝ፣ ወደ ዓረብ አገር መሄድ፣ ወይም ትንሽ ሱቅ መክፈት። ገቢው ቢያንስም ማታ ቤቱ ይገባል። «ሾፌር የለም» ሲባል የሄደው እዚህ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው

አሁን ወደ ወረፋው ልምጣ፤ ለእኔ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ነው። ከውጭ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። በጋላፊ በኩል ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው እንበል፤ ደርሶ መልስ 1,800። ዳገቱንም ጉድጓዱንም ቆጥረን በአማካይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢነዳ 45 ሰዓት ይፈጅበታል። በቀን 8 ሰዓት ቢነዳ ከ6 ቀን ያነሰ ነው።

አሁን ደርሶ መልሱ በተግባር 12 ቀን ፈጀ ብለን እናስብ። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፤ ሾፌር ዘመድ ካላችሁ ደውላችሁ የእሱን ጠይቁትና በራሳችሁ ቁጥር ሥሩት። 12 ቀን ከፈጀ፣ ከግማሽ በላዩ መንዳት አይደለም። ወደብ ላይ መጠበቅ፣ ሰነድ መጠበቅ፣ ናፍጣ መሰለፍ፣ ኬላ፣ መጋዘን በር ላይ ቆሞ አራጋፊ መጠበቅ ነው።

100 መኪናና 100 ሾፌር ያለው ድርጅት በዚህ አካሄድ በወር 250 ምልልስ ይሠራል። የእረፍት ቀን እንኳ አልቆጠርንም። ጉዞው ወደ 8 ቀን ቢያጥርስ? ያው 100 ሾፌር 375 ምልልስ ይሠራል። ወይም ደግሞ ያንኑ 250 ምልልስ ለመሥራት 67 ሾፌር ይበቃል። አያችሁ? አንድም ሰው ሳይሠለጥን፣ አንድም መኪና ሳይገዛ፣ የ33 ሾፌር ጊዜ ተገኘ። ወይም ሾፌሮቹ በየወሩ ቤታቸው የሚያሳልፉት በቂ ቀን ተገኘ። ሁለተኛው ለእኔ ይበልጣል፤ ምክንያቱም የሄደውን ሾፌር የሚመልሰው እሱ ነው።

ወረፋው ግን ለምን አያጥርም? የወረፋው ዋጋ የሚያርፈው በሾፌሩ ላይ ስለሆነ ነዋ። አስመጪው መኪናውን በር ላይ ሁለት ቀን ቢያቆም የሚከፍለው ከሌለ፣ አራጋፊ በጊዜ የሚያዘጋጅበት ምን ምክንያት አለው? ነጻ የሆነ ነገር ይባክናል። የሾፌሩን የመጠበቂያ ሰዓት ዋጋ አውጡለት፤ ወረፋው በራሱ ሲያጥር ታያላችሁ።

ባለመኪኖች ምን መላ አላቸው?

ሾፌር ሲያጥር ባለንብረት ዝም ብሎ አይቀመጥም። የሚታዩትንና ሊሆኑ የሚችሉትን መላዎች አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው ወደ ትንሽ መኪና መውረድ ነው። ከተሳቢ ይልቅ አይሱዙ ገዝቶ አጭር መስመር መሥራት። ለአይሱዙ የሚሆነው መንጃ ፈቃድ ቶሎ ይገኛል፤ ወደ ከተማና ገጠር ገበያም ይገባል። ግን ሒሳቡን ልብ በሉ። የአንድ ተሳቢን ጭነት ለማንሳት ብዙ አይሱዙ፣ ስለዚህም ብዙ ሾፌር ያስፈልጋል። ለባለንብረቱ መፍትሔ የሆነው ለአገር እጥረቱን ያብሰዋል። ልምድ የሌለው ልጅ በሚያስቸኩል ክፍያ መሪ ሲጨብጥ ምን እንደሚሆንም ሰዉ በቅጽል ስም ነግሮናል። አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖ ትራክን «ቀይ ሽብር» ያለው ሕዝብ ስለ ብረቱ አልነበረም ያወራው።

ሁለተኛው አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና ነው። ውጭ አገር አዳዲሱ ከባድ መኪና በአብዛኛው ወደዚያ ሄዷል፤ አዲስ ሾፌር ቶሎ ይለምደዋል፣ ድካሙም ይቀንሳል። እኛ ጋ ግን ዋጋው፣ መለዋወጫውና የሚጠግነው መካኒክ ይከብዳል። አሮጌ ሲኖ ትራክ ከተሰበረ ቃሊቲ ጋራዥ ውስጥ የሚያድነው አይጠፋም፤ ኮምፒዩተር የሚጠይቀው ሲቆም ግን ቆመ ማለት ነው። ኤሌክትሪክ መኪናም እንደዚያው ነው። የናፍጣ ሰልፍን ያስቀር ይሆናል እንጂ እሱም ሾፌር ይፈልጋል።

ሦስተኛው ቅብብል ነው፤ እኔ ብዙ የማስብበት ይህንን ነው። አንድ ሾፌር ከቃሊቲ ጅቡቲ ድረስ ከሚሄድ፣ መንገዱን ለሁለት ወይ ለሦስት መክፈል። የቃሊቲው ሾፌር አዋሽ ሰባት ኪሎ ድረስ ይሄዳል፤ ከ200 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያለፈ ነው። እዚያ ከወደብ የመጣውን ጭነት ይረከባል፣ የያዘውን ያስረክባል፣ በማግስቱ ቤቱ ነው። ከአዋሽ ወዲያ ያለውን ደግሞ መንገዱን፣ ሙቀቱንና ቋንቋውን የሚያውቅ የአካባቢው ልጅ ይይዘዋል። ሾፌሩ ከቤቱ ሳምንታት አይርቅም፤ ከማያውቀው አካባቢም አያድርም።

ለምን አልተለመደም? ሁለት ነገር ይይዘዋል። አንዱ መኪናው ራሱ ነው። እኛ አገር የበዛው ጭነቱ ግማሹ በመኪናው፣ ግማሹ በተሳቢው ላይ የሚጫንበት ዓይነት ነው፤ እሱን ነቅሎ መቀያየር አይቻልም። ለቅብብል የሚመቸው ጎታቹ ከነጋቢናው ተፈትቶ የሚሄድለት፣ ሃይ ቤድ የምንለው ነው። ሁለተኛው ባለቤትነቱ ነው። ብዙው ባለንብረት አንድ ወይ ሁለት መኪና ይዞ በማኅበር የተደራጀ ነው። መኪናውን ለሚያውቀው ሾፌር በዋስ አስረክቧል፤ አዋሽ ላይ ለማያውቀው ሰው አስረክብ ብትሉት ይስቅባችኋል። ስለዚህ ቅብብል የሚጀምረው ማኅበራቱ ከስም መሰብሰቢያነት አልፈው ስምሪቱን፣ ጂፒኤሱንና ኢንሹራንሱን በጋራ ሲይዙ ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶች ግን ማንንም መጠበቅ አያስፈልጋቸውም፤ ነገ መሞከር ይችላሉ።

አራተኛው ባቡር ነው። የመጀመሪያው ባቡር ከጅቡቲ ተነስቶ በአቃቂ አልፎ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራ ጀመረ። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እዚሁ አቅራቢያችን እንዶዴ የጭነት ጣቢያ አለው፣ በሞጆም ያልፋል። አንድ ባቡር በአንድ ጉዞ በደርዘን የሚቆጠሩ ሾፌሮችን ሥራ ይሠራል። «ታዲያ ሾፌሩ ሥራ ያጣላ?» የሚል ሥጋት አለ፤ ሥጋቱም ከንቱ አይደለም። እኔ ግን ሥራው የሚቀየር ይመስለኛል። ባቡር መጋዘን በር ድረስ አይመጣም። ከእንዶዴና ከሞጆ እስከ ፋብሪካው፣ እስከ ቂሊንጦና ገላን መጋዘኖች፣ እስከ ሐዋሳና ጅማ ገበያ የሚያደርስ መኪና ይፈለጋል። ይህ ደግሞ አጭር ጉዞ ነው፤ ቤተሰብ ያለው ሰው፣ ሴትም ወንድም፣ ኑሮ ሳያፈርስ የሚሠራው። ዛሬ ከባድ መኪና ላይ ሴት ሾፌር እንደ ብርቅ የምትታየው መሪው ከብዷት አይደለም። የምታድርበት አስተማማኝ ቦታ፣ መጸዳጃና መታጠቢያ በመንገዱ ላይ ስለሌለ ነው። ሥራው ሲያጥር የሠራተኛው ምንጭ በእጥፍ ይሰፋል።

አቋራጩ መንገድ አደገኛ ነው

አምስተኛ መላም አለ፤ ማንም በአደባባይ አይናገረውም እንጂ። መስፈርቱን ማላላት፣ ሥልጠናውን ማሳጠር፣ በገንዘብ የወጣ መንጃ ፈቃድ ሲመጣ አይቶ እንዳላየ ማለፍ። እጥረት ሲብስ ይህ ፈተና ይብሳል። ግን ተሳቢ የቀጠለ መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያጣ የሚከፍለው ከፊቱ ያለው ሚኒባስ ነው። ያኔ ሟቹ እኔና እናንተ ልንሆን እንችላለን።

ከዚያ ይልቅ ረዳትነትን በዘመናዊ መልክ መመለስ ይሻላል። ደረቅ 3 ያወጣ ወጣት ለተወሰኑ ወራት ልምድ ካለው ሾፌር ጎን ተቀምጦ፣ በጽሑፍ ውል፣ እየተከፈለው፣ የነዳው ኪሎ ሜትር እየተመዘገበለት ይማር። ወጪውን አንድ ባለንብረት ብቻውን ስለማይችል ማኅበራቱ በጋራ ያዋጡ፤ መንግሥትም ከሥልጠና በጀቱ ይደግፍ። በመካኒክነት በኩል የተሞከረ መልካም ምሳሌ አለን። ዩኒዶ፣ የስዊድን መንግሥትና ቮልቮ ከአሥር ዓመት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ከሰላም የቴክኒክ ማሰልጠኛ ጋር የከባድ መኪና ጥገና አካዳሚ ከፍተዋል። ለሾፌሩም እንዲሁ በእውነተኛ መኪና ላይ የሚሰጥ ሥልጠና ቢስፋፋ የሚጠላ የለም።

የደህንነቱን ጉዳይ ግን የትኛውም ባለንብረት ብቻውን አይፈታውም። የሚፈራ መንገድ ላይ ሾፌር በአበል አይገኝም፤ ሲገኝም ዋጋው ጭነቱ ላይ ይጨመራል፣ ከዚያም ዘይቱና ስኳሩ ላይ። ጎጃም ያለ ገበሬ ማዳበሪያው ሲዘገይበት፣ መርካቶ ያለ ነጋዴ ዕቃው ሲወደድበት፣ የአደጋውን ዋጋ እየከፈለ ነው። መንገድ ማስከበርና ሕገ ወጥ ኬላ ማንሳት የመንግሥት ሥራ ነው፤ የሾፌር እጥረትን የሚቀንስ ፖሊሲ ካለ ይህ አንደኛው ነው።

ደረቅ 3 ላውጣ ወይስ ይቅርብኝ?

ይህንን የምታነቡት ብዙዎቻችሁ ሥራ የምትፈልጉ፣ ወይም ካላችሁበት ሥራ ለመውጣት የምታስቡ ናችሁ። ዲግሪ ይዞ መሪ መጨበጥ የሚያሳፍር አይደለም፤ ቲክቶክ ላይ ከጋቢና ውስጥ ቪዲዮ የሚለጥፉትን ወጣት ሾፌሮች እያያችሁ «እኔስ?» ብላችሁ ይሆናል። ሥራው አለ። ግን ሙያው ስለሚፈለግ ብቻ ዘላችሁ አትግቡ። የሚፈለግ ሰው የመጠየቅ አቅም አለው፤ ተጠቀሙበት።

ከመስማማታችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ። ውሉ በጽሑፍ ነው ወይስ በቃል? መኪናው ወረፋ ላይ ሲቆም፣ መንገድ ሲዘጋ፣ የቀኑ ይታሰባል? ጡረታና የሕይወት ወይም የአደጋ ኢንሹራንስ ይገባልኛል? ከስንት ምልልስ በኋላ ስንት ቀን ቤቴ እሆናለሁ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎታል፤ ትርፍ ሰዓትንም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ገድቦታል። መንገድ ላይ ይህንን በሰዓቱ መለካት ቢያስቸግርም፣ ሕጉ መኖሩን አውቆ የሚደራደርና ሳያውቅ የሚፈርም አንድ አይደሉም።

ለባለንብረቶችም አንድ ቃል። እነዚህን አራት ጥያቄዎች «አዎ» ብሎ መመለስ የሚችል ድርጅት ቴሌግራም ላይ ሾፌር ሲፈልግ አይከርምም፤ የሌላው ሾፌር ራሱ ነው የሚመጣለት። የማይችለው ደግሞ አዲስ መኪና ቢጨምርም፣ አውቶማቲክ ቢገዛም፣ ቃሊቲ ላይ የሚቆምለት መኪና ብዛት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሾፌር ከገበያ እንደ ጎማ አይገዛም፤ ሰው ነውና የሚቆየው የሚያኖረው ሥራ ሲያገኝ ነው።